ማክግሬጎር የሚለው የጌሎች ስም አመጣጥና ትርጕም

በስኮትላንድ ሰሜንና ምዕራብ ባሉት ተራሮችና ደሴቶች የሚኖሩት የጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪዎች እንግዳ ሰው ሲያገኙ ከጥንት ጀምሮ የሚጠይቁት «የማን ነህ?» ብለው ነው። ተጠያቂውም የራሱን ስም ከአባቱ፥ የአባቱን ከአያቱ፥ የአያቱንም ከቅድመ አያቱ ጋራ እያያያዘ ይመልሳል። ይህ ትውልድን በቃል መቍጠር በቋንቋቸው «ስሎኛግ» ይባላል፤ ዛሬ ይኸው ቃል የቤተ ሰብ ስም ለማለትም ይሠራበታል። «የማን ልጅ ነህ?» እየተባለ ላደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልማዱ ማብራሪያ አያሻውም። ማብራሪያ የሚያሻው፥ በአፍ ሲነገር የኖረው ይህ ቈጠራ ረግቶ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት የሚወርድ አንድ የማይለወጥ ስም የሆነበት መንገድ ነው። ለዚህም ማክግሬጎር ከሚባለው ስም የበለጠ ምስክር የሚሆን አይገኝም። ይህ ስም ከ1603 እስከ 1774 ዓ. ም. ድረስ፥ ከመካከሉ ሠላሳ ሁለት ዓመት በቀር፥ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ በመጀመሪያው አዋጅም የተጠራበት ሰው ሞት ይጠብቀው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ማክ» ማለት በጌሊክ «ልጅ»፥ ይኸውም ወንድ ልጅ ማለት ነው። በአየርላንድ ደግሞ ከማክ ሌላ «ኦ» የሚል መነሻ አለ፤ ትርጕሙ የልጅ ልጅ፥ በሰፊው ሲታይም «የእገሌ ዘር» ማለት ነው። ሴት ልጅ ግን ማክ ልትባል አትችልም፤ የግሬጎር ነገድ ሴት በገዛ ቋንቋዋ «ኒክ ግሪጋር» ትባላለች፤ «ኒክ»ም «የልጁ ልጅ» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጨፍልቀው የወጣ ነው። ሴቲቱን ማክ እያሉ መመዝገብ የመጣው በእንግሊዝኛ ከሚጽፉ ጸሐፊዎች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ስሕተት ማረም ይገባል። ማክ የሚለው ቃል በሙሉ ሲጻፍ የስኮትላንድ፥ አጥሮ ሲጻፍ የአየርላንድ ነው የሚባለው መሠረት የለውም፤ ማሳጠሩ የጸሐፊዎች እጅ ልማድ ብቻ ነውና።

የጎሣ መጠሪያ የሆነው «ክላን» የሚለው ቃልም በጌሊክ ጥሬ ትርጕሙ «ልጆች» ማለት ነው። የቃሉ ሥር የላቲኑ «ፕላንታ»፥ ማለት ችግኝ፥ ቡቃያ ነው። የጥንት አየርላንዳውያን በቃል መነሻ የሚመጣውን «ፕ» በ«ክ» ይለውጡ ስለ ነበር ፕላንታ ወደ ክላን ተለወጠ። በአማርኛ «ዘር» የሚለው ቃል የሚዘራውንም የሚወለደውንም እንደሚያመለክት ሁሉ፥ በዚያም አገር የተክል ስም ለሰው ትውልድ ተሰጠ።

ከማክ በኋላ የሚከተለው ሁልጊዜ የአባት መጠሪያ ስም አይደለም፤ ሥራም ማዕርግም ሊሆን ይችላል። ማኪንታየር «የአናጢው ልጅ»፥ ማክታጋርት «የቄሱ ልጅ»፥ ማክናብ «የአበ ምኔቱ ልጅ» ማለት ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ካህናት እንዳያገቡ በሚከለክለው ሥርዐት ያደገውን የአውሮፓ አንባቢ ግራ ያጋቡታል፤ ቄስ ሚስት የሚያገባበት አገር ሰው ግን በቄስ ልጅ አይደነቅም። በጥንቱ የጌሎች ቤተ ክርስቲያን የገዳም ሹመትና የገዳም መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረባቸው ቦታዎች ነበሩና የአበ ምኔቱ ልጅ የሚባል ጎሣ መነሣቱ ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከእነዚህ ይልቅ ለአማርኛና ለግዕዝ አንባቢ የሚቀርብ ሌላ የስም ወገን አለ። ጌሎች የቅዱሳንን ስም በቀጥታ ለልጅ ማውጣት እንደ ድፍረት የቈጠሩበት ዘመን ስለ ነበር «ጊለ»፥ ማለት አገልጋይ፥ የሚል ቃል ያስቀድሙ ነበር። ጊልክሪስት ማለት ገብረ ክርስቶስ ነው፤ ጊሊስ ገብረ ኢየሱስ፥ ጊልሞር ገብረ ማርያም፥ ጊላንደርስ ገብረ እንድርያስ ነው። ማክሌን የሚባለው ታላቅ ጎሣ ስም ቢፈታ «የገብረ ዮሐንስ ልጅ» ይሆናል። ማልኮም ተብለው የነገሡት የስኮትላንድ ነገሥታትም በ563 ዓ. ም. የአዮናን ገዳም ለመሠረተው ለቅዱስ ኮሎምባ የተሰጡ ማለት ነው። በቀይ ባሕርና በአትላንቲክ ዳር የኖሩ ሁለት ሕዝቦች አንዱ ከሌላው ሳይማር ወደ አንድ ዐይነት ስም አወጣጥ መድረሳቸው ለሥነ ሕዝብ ጥናት ሰፊ መስክ ነው፤ ሆኖም ይህ ጽሑፍ ወደ ተነሣበት ስም መመለስ ይገባል።

ግሬጎር የሚለው ስም በጌሊክ ግሪጋር ይባላል። የመጣው ከላቲኑ ግሬጎሪዩስ ነው፤ ላቲኑም ከግሪክ የወሰደው ሲሆን በግሪክ «ግሬጎሬዎ» ማለት ነቃሁ፥ ተጋሁ ማለት ነው። ስለዚህ ግሬጎር በኢትዮጵያ ጎርጎርዮስ ከሚባለው፥ በስሙም ቅዳሴ ካለው ስም ጋራ አንድ ነው። ትርጕሙን በግዕዝ ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመጽሐፈ ሄኖክ «ትጉሃን» የተባሉት መላእክት በግሪኩ ቅጂ «ኤግሬጎሪ» ይባላሉና የስሙ ሥር ከዚህ ቃል ጋራ አንድ ነው፤ ማክግሬጎር ቃል በቃል ቢተረጐም «የትጉህ ልጅ» ይሆናል። በላቲን «ግሬክስ» ማለት መንጋ ስለ ሆነ ስሙን ከእረኝነት ጋራ የሚያያይዙ ቀሳውስት በመካከለኛው ዘመን ነበሩ፤ ይህ ግን የድምፅ መመሳሰል ያመጣው አፈታት ነው። ስሙ ወደ ጌሎች የደረሰው ከ590 እስከ 604 ዓ. ም. የሮም ሊቀ ጳጳሳት በነበረው በታላቁ ጎርጎርዮስ ዝና እንደ ሆነ ይታመናል፤ የአየርላንድ መነኰሳት መጻሕፍቱን እጅግ ያከብሩ ነበርና። እነዚህ ዓመታት የሚቈጠሩበት የዘመን አቈጣጠርም ከሌላ ጎርጎርዮስ፥ በ1582 ዓ. ም. ካሻሻለው ከዐሥራ ሦስተኛው፥ ስሙን አግኝቷል። ስኮትላንድ ግን አቈጣጠሩን የተቀበለችው በ1752 ዓ. ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ላለው ዘመን በዚህ የተሰጡት ቀኖች በጊዜው ሰነዶች እንደ ተጻፉት ናቸው።

ግሬጎር የተባለው የጎሣው አባት ማን ነበር? የጎሣው ወግ ወደ ነገሥታት ያወጣዋል። ግሪጋር የንጉሥ አልፒን ልጅ፥ የስኮቶችንና የፒክቶችን መንግሥት በዘጠነኛው መቶ ዓመት በአንድ ላይ ለያዘው ለኬኔት ወንድም ነበረ ይባላል። በጎሣው ማኅተም ላይ የሚጻፈውም ቃል «ዘሬ የነገሥታት ነው» የሚል ነው። ይህን አባባል የሚደግፍ የዘመኑ ጽሑፍ የለም። ነገሥታትን የዘር ሐረግ ራስ ማድረግ በመካከለኛው ዘመን ጎሣዎች ሁሉ ዘንድ የተለመደ ነበርና ወጉን እንደ ታሪክ መቀበል አይቻልም። እንደ ሐሰት ብቻ ቈጥሮ መጣልም ደግሞ አይገባም፤ መሬቱን ያጣ ሕዝብ ስለ ክብሩ ምን ይናገር እንደ ነበር ያስረዳልና።

በጽሑፍ ወደሚታወቀው ሲመጣ ነገሩ ይጠባል። ከጎሣው አለቆች በታሪክ ሞቱ የሚታወቀው የመጀመሪያው ሰው በ1390 ዓ. ም. የሞተው አንድ ዐይናው ኢያን ነው። የእርሱም አባት «ባለ ወርቅ ልጓሙ ግሬጎር» የተባለው እንደ ሆነ የትውልድ ቈጠራው ይናገራል። እንግዲህ ጎሣው የተጠራበት ግሬጎር በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ሰው መሆኑ ከንጉሥ ልጅነቱ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። አገራቸው በአርጋይልና በፐርዝ አውራጃዎች መካከል ያሉት የኦርኪ፥ የስትሬና የላየን ሸለቆዎች ነበሩ።

ይህ የሚታወቀው ከራሱ ከጎሣው በወጡ ጸሐፊዎች ትጋት ነው። በፐርዝ አውራጃ በፎርቲንጎል ይኖር የነበረው ጄምስ ማክግሬጎር የሊዝሞር ቤተ ክርስቲያን የካህናት አለቃና ውል ጸሐፊ ነበረ፤ እርሱና ወንድሙ ደንከን ከ1512 እስከ 1542 ዓ. ም. ባለው ጊዜ የስኮትላንድንና የአየርላንድን ጌሊክ ግጥሞች፥ የትውልድ ቈጠራዎችንና ልዩ ልዩ ማስታወሻዎችን በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡ። «የሊዝሞሩ አለቃ መጽሐፍ» የሚባለው ይህ ጥራዝ ዛሬ በኤዲንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አስደናቂው ነገር ወንድማማቹ ጌሊክን የጻፉት በጌሊክ የአጻጻፍ ሥርዐት ሳይሆን የቆላው ሕዝብ ስኮትኛን በሚጽፍበት ስልት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሊቃውንት ቃላቱን ለማንበብ ብዙ ደክመዋል። ይሁን እንጂ ያለዚህ መጽሐፍ ከመካከለኛው ዘመን የስኮትላንድ ጌሊክ ቅኔ ብዙው በጠፋ ነበር። ሥራው ከተፈጸመ ከስድሳ አንድ ዓመት በኋላ የሰብሳቢዎቹ ስም በአዋጅ ተሻረ።

ለመሻሩ ምክንያት የሆነው በመጀመሪያ መሬት ነው። ማክግሬጎሮች በሸለቆዎቻቸው የኖሩት ቅድሚያ በያዙትና በ«ሰይፍ መብት» እንጂ በንጉሥ ማኅተም በጸና ጽሑፍ አልነበረም። የጎረቤቶቻቸው የካምቤሎች ብልኀት ግን ጽሑፍ ነበር። ከዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የግሌን ኦርኪ መሬት በጋብቻና በንጉሥ ደብዳቤ ወደ ካምቤሎች እጅ ገባ፤ ማክግሬጎሮችም በአባቶቻቸው አገር የሰው ጢሰኞች ሆኑ። ከዚህ ወዲህ የጎሣው ታሪክ በአንድ ወገን ዘረፋና ሽፍትነት፥ በሌላው ወገን ማሳደድና ቅጣት የተሞላ ነው። የከብት ዘረፋ በዚያን ጊዜ የጎሣዎች ሁሉ ሥራ ነበር፤ ልዩነቱ ሌሎቹ ሲዘርፉ የሚዋስላቸው ባለ መሬት ጌታ የነበራቸው መሆኑ ነው። ማክግሬጎሮች ግን የሚዋስላቸው አልነበረም። ለጎሣው የቀረለት ስሙ ብቻ ነበር ቢባል ከማጋነን አይቈጠርም።

በ1570 ዓ. ም. የግሌን ኦርኪው ጌታ ሽበቶ ኮሊን ካምቤል የጎሣውን አለቃ ቀዩን ግሬጎር በሰይፍ አስገደለው። የሟቹ ሚስት የግሌን ላየኑ የደንከን ካምቤል ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ ባሏን የገደሉት የገዛ ዘመዶቿ ናቸው። «ግሪጋል ክሪ»፥ ማለት «የልቤ ግሬጎር»፥ የሚባለው ሙሾ የእርሷ ነው ይባላል። ሙሾው ሕፃን እየታቀፈ እንደ እሽሩሩ የሚዜም ሲሆን እስከ ዛሬ በጌሊክ ዘፋኞች አፍ ይኖራል። ከልጆቿ አንዱ አላስደር አድጎ በግሌን ስትሬ የአባቱን ቦታ ያዘ።

በአላስደር ዘመን ነገሩ ተባባሰ። በ1589 ዓ. ም. የንጉሡ የአደን ደን ጠባቂ የነበረው ጆን ድራመንድ በተገደለ ጊዜ ወንጀሉ በማክግሬጎሮች ላይ ተቈጠረ፤ መንግሥትም በጎሣው ላይ «የእሳትና የሰይፍ» ሥልጣን ሰጠ፤ ይኸውም የተሾሙት ጌቶች ቤታቸውን ቢያቃጥሉና ቢገድሏቸው የማይጠየቁበት ፈቃድ ነው። በ1603 ዓ. ም. ፌብሩዋሪ 7 ቀን አላስደርና ተከታዮቹ በሎመንድ ሐይቅ አጠገብ በግሌን ፍሩን ሸለቆ ከላሱ ጌታ ከአሌግዛንደር ኮሁን ሰዎች ጋራ ተዋጉ። ድሉ ፍጹም የማክግሬጎሮች ሆነ፤ ከኮሁን ወገን ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ወደቁ። ኮሁን የንጉሥ ፈቃድ ይዞ የወጣ ስለ ነበር ግን ድሉ በጎረቤት ላይ የተገኘ ድል ሳይሆን በዘውድ ላይ የተደረገ ዐመፅ ተብሎ ተቈጠረ።

ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ በዚያው ወራት የእንግሊዝን ዙፋን ወርሶ ወደ ለንደን ለመሄድ ይሰናዳ ነበር። ከኤዲንብራ የተነሣው ኤፕሪል 5 ቀን ነው፤ የመማክርቱ ጉባኤ የማክግሬጎርን ስም የሻረው ከዚያ ሁለት ቀን አስቀድሞ፥ ኤፕሪል 3 ቀን 1603 ዓ. ም. ነው። ትእዛዙ ስሙ ለዘለዓለም እንዲጠፋ፥ በስሙ የሚጠሩት ሁሉ ሌላ ስም እንዲይዙ፥ ያልያዘም በሞት እንዲቀጣ የሚል ነበር። አላስደር ወደ እንግሊዝ በሰላም ትደርሳለህ ተብሎ ለአርጋይሉ ጌታ ለአርቺባልድ ካምቤል እጁን ሰጠ። ጌታውም የገባው ቃል እንዳይፈርስ ድንበር አሻግሮ የእንግሊዝን መሬት አስረገጠውና ወዲያው መልሶ አመጣው። በ1604 ዓ. ም. ጃንዋሪ 20 ቀን በኤዲንብራ ተሰቀለ። ከመሞቱ በፊት በሰጠው ቃል ወደ ጠብ የገፋፋው ራሱ የአርጋይሉ ጌታ እንደ ነበረ ተናግሯል። ሊሞት የቀረበ ሰው የተናገረው ቢሆንም የተከሳሽ ቃል ነውና በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ሆኖም በጌታውና በጎሣው መካከል የነበረው ግንኙነት ንጹሕ እንዳልነበረ ሌሎችም ሰነዶች ያሳያሉ።

ከዚያ በኋላ የወጡት ሕግጋት እየከበዱ ሄዱ። በሸፈቱት ራስ ላይ ዋጋ ተቈረጠ፤ የስሙ ባለቤት የሆነ ሰው ምሕረት የሚያገኘው ሌላውን የስሙን ባለቤት ገድሎ ሲመጣ እንዲሆንም ታዘዘ። በ1613 ዓ. ም. ከአራት በላይ ሆነው እንዳይሰበሰቡ፥ ሥጋቸውን ከሚቈርጡበት ጫፉ ከዶለዶመ ቢላዋ በቀር መሣሪያ እንዳይዙ ተከለከለ። በ1617 ዓ. ም. ፓርላማው ሕጉን አጽንቶ ወደ አደጉት ልጆችም አስተላለፈው። በ1633 ዓ. ም. በንጉሥ ቻርልስ አንደኛ ዘመን የወጣው ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ነበር፤ በደጋው አገር ያለ ቄስ ወንድ ልጅን ግሬጎር ብሎ እንዳያጠምቅ፥ ጸሐፊና ውል አዋዋይም በዚህ ስም የተፈረመ ሰነድ እንዳይጽፍ የሚል ነው። በእነዚያው ዓመታት፥ በ1652 ዓ. ም.፥ ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን አገር በጎታ ቤተ መንግሥት በክብር ተቀብለውት ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ ያስተምር ነበር። በአንዱ የአውሮፓ ክፍል ሊቅ የሚከበርበት ስም በሌላው ክፍል ሕፃን ሊጠመቅበት የማይፈቀድ ነበር ማለት ነው።

ሕጉ በትክክል ምን እንደ መታ ለማየት የጌሎችን የአጠራር ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሸለቆው ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን ማክግሬጎር ብሎ አይጠራውም፤ ሁሉም ማክግሬጎር ሲሆን ስሙ ማንንም ከማንም አይለይምና። የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም፥ ወይም ቀዩ፥ ጥቍሩ፥ አንድ ዐይናው በሚል ቅጽል ነበር። ማክግሬጎር የሚለው ስም የሚያስፈልገው ሰውየው ከሸለቆው ወጥቶ ከዳኛ፥ ከውል ጸሐፊ፥ ከመሬት ጌታ ፊት ሲቆም ነው። የ1633ቱ ሕግ በቄሱና በጸሐፊው ላይ ማነጣጠሩ ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው እንዳረቀቀው ያሳያል። ስሙ የተነጠቀ ሰው መበደርም፥ መዋስም፥ መሬት መከራየትም አይችልም ነበር፤ የሌላ ስም ካልያዘ በቀር። ስለዚህ ካምቤል፥ ድራመንድ፥ መሪ፥ ስቱዋርት፥ ግራንት፥ ግሬም የሚባሉ ማክግሬጎሮች በዙ።

የሌላ ስም መያዝ በራሱ ለጌሎች እንግዳ አልነበረም። ጢሰኛ የጌታውን ጎሣ ስም መውሰዱ በዚያን ዘመን ተራ ነገር ነበር፤ ብዙ ትናንሽ ጎሣዎችም በዚህ መንገድ ማንም ሳያስገድዳቸው በትልልቆቹ ውስጥ ጠፍተዋል። ማክግሬጎሮችም ባይከለከሉ ኖሮ፥ መሬት አልባ እንደ መሆናቸው፥ በሁለትና በሦስት ትውልድ ካምቤል ሆነው ይቀሩ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ክልከላው ግን እንደ ወራጅ ውኃ ይለዋወጥ የነበረውን ስም አረጋው። ራሱም መንግሥት ስሙን ሳይጽፍ ሊያሳድዳቸው አልቻለም፤ የመማክርቱ መዝገብ በየገጹ «ቀድሞ ማክግሬጎር ይባል የነበረ» እያለ ሰዎቹን ይጠራቸዋል። በ1717 ዓ. ም. ለዐመፀኞች ምሕረት በተደረገ ጊዜም ከምሕረቱ የተለየው ይኸው በሕግ ስም የሌለው ጎሣ በስሙ ተጠቅሶ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሕጉ አንድ ጊዜ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ተመልሶ ነበር። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ማክግሬጎሮች ለንጉሡ ወገን ተዋግተው ስለ ነበር ቻርልስ ሁለተኛ በ1661 ዓ. ም. ስማቸውን መለሰላቸው። በ1693 ዓ. ም. በዊልያም ሦስተኛ ዘመን ክልከላው ታደሰ። በ1671 ዓ. ም. የተወለደው ሮብ ሮይ፥ ማለት ቀዩ ሮብ፥ በልጅነቱ ማክግሬጎር፥ ጎልማሳ ሲሆን ካምቤል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ካምቤል የእናቱ ጎሣ ነበር። ከብት ነጋዴው፥ ኋላም ሽፍታው ሮብ ሮይ የአባቶቹን ርስት በወሰደው ጎሣ ስም ይፈርም ነበር። የእንግሊዝኛው ደራሲ ዎልተር ስኮት በ1817 ዓ. ም. መጨረሻ ባወጣው ልብ ወለድ ዝናው ዓለምን ስለ ሞላው፥ ብዙ ሰው የጎሣውን ታሪክ የሚያውቀው በዚህ አንድ ሰው በኩል ነው፤ ይህም ስለ ስሙ ከተነሣው ክርክር ይልቅ ስለ ሽፍታው ጀብዱ እንዲወራ አድርጓል። ሮብ ሮይ በ1734 ዓ. ም. ሞቶ በባልኪደር ተቀበረ። በቅርብ ዘመን በመቃብሩ ላይ በቆመው ድንጋይ «ማክግሬጎር፥ እነርሱ ባይወዱም» የሚል ተጽፏል።

የብሪታንያ ፓርላማ ክልከላውን ጨርሶ የሻረው በ1774 ዓ. ም. ነው። በዚያን ጊዜ የአላስደር ቤት ተቋርጦ ስለ ነበር የጎሣው አለቃ ማን እንደሚሆን ጥያቄ ተነሣ። 826 ማክግሬጎሮች በአንድ ሰነድ ላይ ፈርመው ጆን መሪ የተባለውን የጦር ጄኔራል አለቃቸው አደረጉ። ሰውየው የሚጠራው ቤተ ሰቡ በክልከላው ዘመን በያዘው ስም ነበርና ቤቱ በንጉሥ ፈቃድ ወደ ማክግሬጎርነት የተመለሰው ገና በ1822 ዓ. ም. ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በዚያው ዓመት ኤዲንብራን ሲጐበኝ የስኮትላንድን ዘውድና በትረ መንግሥት ከግንቡ ወደ ቤተ መንግሥቱ ካጀቡት መካከል ማክግሬጎሮች ነበሩ። ዘውዱን እንዲጠብቁ የታመኑት የልጅ ልጆች አያቶቻቸው የዶለዶመ ቢላዋ ብቻ ተፈቅዶላቸው ነበር።

ሁሉም ግን አልተመለሱም። ሁለት ወይም ሦስት ትውልድ ድራመንድ ወይም ስቱዋርት ሲባል የኖረ ቤት ስሙን መቀየር ያላሻው ብዙ ነበር። የአበርዲኑ የግሬጎሪ ቤት፥ ከእርሱም በመስተዋት የሚሠራውን የርቀት መነጽር ንድፍ በ1663 ዓ. ም. ያሳተመው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ግሬጎሪ የወጣበት ቤት፥ ከማክግሬጎሮች ነን ይል ነበር። ግሬግ የሚለውም ስም ከግሬጎር ያጠረ ነው፤ የኖርዌዩ የሙዚቃ ደራሲ ኤድቫርድ ግሪግ ቅድመ አያት ከአበርዲን አካባቢ ወደ በርገን የተሻገረ ስኮትላንዳዊ ነበር። ይሁን እንጂ ግሬጎሪና ግሬግ የተባለ ሁሉ የዚህ ጎሣ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ግሬጎር የክርስትና ስም ስለ ነበር በብዙ ቦታ ብዙ ግሬጎሮች ነበሩ፤ ልጆቻቸውም በየአባቶቻቸው ተጠርተዋል።

ወረቀት ያልመለሰውን ጥያቄ በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ሌላ ምርመራ ዳስሶታል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የደም ውርስ ምልክት የሚመረምሩ ሰዎች የማክግሬጎርን ስም ከያዙት ወንዶች ብዙዎቹ ከአንድ የወንድ አባት የወረዱ መሆናቸውን አግኝተዋል። የቀሩት በጋብቻ፥ በማደጎ ወይም በጢሰኝነት ወደ ስሙ የገቡ ሰዎች ዘር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጎሣ እንደ ወንዝ ገባሮች አሉትና። ከዚህ ሌላ፥ አያቶቻቸው ማክግሬጎር እንደ ነበሩ ያልሰሙና በሌላ ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰዎችም ተመርምረው ምልክቱ ያው ሆኖ ተገኝቷል።